የማርያም ጽዋና የግንባሬ ብጉር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2008

መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞርሁት። ይበቃኛል። ጠዋት ጠዋት እሱ ፊት ቆሞ ግንባር መደባበስ የጎረምሳ ሥራ ነው።

ብጉር ነው። ሌላ ስም የለውም። ከፀጉሬ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ቅንድቤ፣ ከዚያ በጆሮ ግንዴ በሁለቱም በኩል ወርዷል። አንዳንዱ ቀይ ነው፣ አንዳንዱ ጫፉ ነጭ። ሲነኩት ያማል፣ ሲተዉት ያሳክካል። ጎረምሳ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አላወጣሁም። አሁን የልጅ ልጅ አይቼ፣ ጢሜ ነጥቶ።

ቆዳዬ ድሮም ክፉ ነው። ፀሐይ አይወድ፣ ውርጭ አይወድ፣ ሱፍ አይወድ። ባለቤቴ እናኑ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የንጉሥ ልጅ ቆዳ በጋሪ ነጂ ላይ ተሰፋ» ትለኝ ነበር።

የጀመረኝ ከሙት ዓመቷ ወዲህ ነው። በሐዘኑ ዓመት ፊቴ ላይ አንዲት ነገር አልነበረችም። ሙት ዓመቷ ሲወጣ ልጄ ስመኝ ከዳንግላ መጥታ ጥቁሩን ኮት አስወለቀችኝ። እንደ ወጉ አናቴ ላይ ቅቤ አደረገች። «በቃ አብየ፣ ሐዘን ይብቃዎት» አለች። በሐዘን ቅቤ አይነካም፣ ናፍቆኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው እቀባለሁ። ራስ ምታቴን ያበርድልኛል። ዛሬም ደህና አድርጌ ተቀባሁ።

ጎረቤቴ ብርቄ ትላንት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አያ ደሴ፣ እናኑ ሐዘኔን ቶሎ አወለቀ ብላ ተቀይማ ይሆናል» አለችኝ።

«የሞተ ሰው ብጉር አይልክም፣ ብርቄ» አልኋት።

እንዲያ አልሁ እንጂ ቃሏ አብሮኝ አደረ። ቢሆንም አልከፋኝም። አላዘንሁም። ስለ እናኑ ሳስብ ምንም አይሰማኝም። እላዩ ላይ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው። አለ፣ ግን የእኔ አይደለም።

ሌላው ነገር፦ የማርያም ጽዋ የእኔ ተራ ነው። ነገ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ፣ በ21። ጽዋው እዚሁ ነው፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ላይ። እሷ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ተራዬ ነው። ሰው ሁሉ «ያለ እናኑ እንዴት ያወጣው ይሆን» እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንደማወጣው ያያሉ።


እሑድ፣ ጥቅምት 14

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀመጥን። ዋንጫው ሲዞር ከእኔ ወደ አላምረው አለፈ።

አላምረው ባልንጀራዬ ነው። ሁለታችንም ጋሪ ነጂ ነበርን። ባጃጅ ሳይመጣ በፊት የቆሰበር መንገድ የእኔና የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሸራ ለብሰን ዝናብ አሳልፈናል።

ዋንጫውን ተቀበለኝ። በእጁ ላይ አዞረው። እኔ የጠጣሁበትን ጠርዝ ትቶ በሌላው በኩል ጠጣ።

አየሁት። ማየቴን ግን አላየም።

ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ደሴ፣ ይኼ ነገርህ ካልተሻለህ ጽዋውን በዚህ ወር እኔ ላውጣልህ። አንተ በእኔ ተራ ታወጣለህ» አለኝ።

«የምን ነገር?»

«ግንባርህ ነዋ።»

«ግንባሬ ጽዋ አይጠጣም» ብዬው ሄድሁ።

መንገዱን ሁሉ ያችን ዋንጫ በልቤ ሳዞር መጣሁ። የጽዋ ዕለት ማኅበርተኛው ሁሉ የሚጠጣው በአንድ ጽዋ ነው። ቄሱ ባርከው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ደጋሹ፣ ከዚያ ሌላው በተራ። ከእኔ በኋላ ጠርዙን ቢያዞሩትስ? በነጠላቸው ጫፍ ቢጠርጉትስ? በእናኑ ቤት? በድሮ ጊዜ ቆዳው የታመመ ሰው ዕቃው ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እንዲያ ያለውን ዕቃ ማንም አይነካውም።

አይሆንም። እስከ እሑድ ይጠፋል። እኔው አጠፋዋለሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ቆሻሻ ነው ብዬ ተነሣሁ። የልብስ ሳሙና አመጣሁ፣ ያን ረጅሙን፣ በቢላ የሚቆረጠውን። በጆንያ ቁራጭ አድርጌ ፈተግሁት። ልብስን ካነጻ ፊትን ምን ይከለክለዋል?

ፊቴ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። አፌን ስከፍት ግንባሬ አብሮ የሚከፈት መሰለኝ።

ከሰዓት እሬት ቆርጬ ቀባሁበት። ይኼኛው ደህና ነበር፣ ቀዘቀዘኝ። ኋላ ወርዶ አፌ ገባ። እሬት መራራ መሆኑን ማንም ይነግረኝ ነበር።

ማታ ላይ ዳሰስሁት። የነበረው አለ። የጆንያው ደግሞ ተጨመረ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

የፈረሱን መድኃኒት አስታወስሁ። ፈረሴ በኮርቻው ሥር ሲቆስል ድኝ ፈጭቼ በኑግ ዘይት ለውሼ እቀባው ነበር፣ ይድናል። ፈረሱን ከሸጥሁ ቆይቷል፣ ድኙ ግን በቆርቆሮ ነበር።

ቀባሁት። ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ሞቀ። ከዚያ አቃጠለ። ፈረሱ ለምን ይራገጥ እንደነበር ገባኝ።

ብርቄ ጠላውን ልትጠምቅ ጌሾ ይዛ ስትመጣ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች።

«ምንም አይሸትም።»

«አያ ደሴ፣ ክብሪት ፋብሪካ ከፈቱ እንዴ?»

ሄጄ ታጠብሁት። ሽታው ግን አብሮኝ ነው ያለ።

ስመኝ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰማችው ግማሹን ነው። «ነገ በሚኒባስ ክሬም እልክልዎታለሁ፣ እኔ የምቀባው ነው፣ በሁለት ቀን ያጠራል» አለች። ወንድ ክሬም አይቀባም አልኋት። ያን አልሰማችም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆነች። በዚህ በእናቷ ወጥታለች።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

መናኸሪያ ሄድሁ። ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «ደሴ የሚባሉ አባት! የሴት ቅባት መጥቶልዎታል!» ብሎ ጮኸ።

«ለፈረስ ነው» አልሁ።

«ፈረስዎ ልታገባ ነው እንዴ አባባ?»

ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፣ ድሮ ቢሆን እስቅ ነበር። ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ክሬሙ ነጭ ነው፣ ጠረኑ የሙሽራ ነው። ትንሽ ከቀቡት ትንሽ ይሠራል፣ ብዙ ከቀቡት ብዙ ይሠራል ብዬ ግማሹን ጨረስሁት። በጋሪ ቅባትም እንዲሁ ነው፣ ጎማው ካልጠገበ ይጮኻል።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ስነሣ ዓይኔ በግማሽ ነው የተከፈተ። ፊቴ አብጦ ቀልቷል። በብጉሮቹ መካከል የነበረው ደህናው ቆዳ እንኳ ብጉር ሆኗል።

ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ያለችው ልጅ የስመኝን ትልቅ ልጅ የምታህል ነች። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለች። ክሬሙን አሳየኋት። ጽሑፉን አንብባ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ ሐኪም ሳያዝ ፊት ላይ አይደረግም። የብዙ ሰው ፊት የሚያበላሸው ይኼ ነው። ከዚያ በፊትስ ምን ነካው?»

ነገርኋት። ሳሙናውን፣ እሬቱን። የፈረሱን ልተወው ነበር፣ ሽታው ግን ቀድሞኝ ተናግሯል።

አልሳቀችም። ይኼን አስተውያለሁ።

«ዘወትርስ ፊትዎን ምን ይቀባሉ?»

«ምንም። ወንድ ፊቱን ምን ይቀባል?»

«እስቲ ባርኔጣውን ያውልቁት፣ ከላይ በደንብ ልየው።»

«ባርኔጣዬን የማወልቀው ለቤተ ክርስቲያንና ለቄስ ነው» አልኋት።

«እሺ አባባ።»

ከዚያ ያለችኝን፣ እንዳይጠፋኝ፦
የስመኝን ክሬም መተው።
ፊቴን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳው ሳሙና ብቻ መታጠብ፣ አለመፈተግ።
ቀዩ እስኪበርድ ምንም አለመቀባት።
ትንሿን ቱቦ መጀመሪያ ከጆሮዬ ሥር መሞከር። ካላሳከከኝና ካልቀላ፣ ፊቴ ሲበርድ፣ ማታ ማታ የምስር ፍሬ ያህል ብቻ።
አንድ ነገር ስሞክር ሌላ አለመደረብ።

ሁለት ዓይነት ቱቦ ነበራት። እኔ ወደ ውዱ እጄን ስዘረጋ «ርካሹ ይበቃዎታል፣ ሥራቸው አንድ ነው» አለች። ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«እስከ እሑድ ይጠፋል?» አልኋት።

«እስከ እሑድ? አባባ፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ወርም ሊፈጅ ይችላል።»

አመስግኜ ወጣሁ። ሳምንታት። ጽዋው በሦስተኛው ቀን ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ከጆሮዬ ሥር ምንም አልሆነም። አልቀላም፣ አላሳከከም። ከጀመርሁ ወዲህ ያልጎዳኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ፊቴም በረድ ብሏል። ብጉሩ ግን እንዳለ ነው።

ከሰዓት ጽዋውን ከመደርደሪያው አወረድሁት። ከነጨርቁ በጋቢዬ ሥር ይዤ ወደ አላምረው ቤት ሄድሁ። እንዲያወጣልኝ ልሰጠው። ለምን እንደተነሣሁ በደንብ አላውቅም። እግሬ ነው የሄደው።

ሚስቱ ደጅ ጌሾ ታሰጣለች። «አያ ደሴ፣ በደህና ነው? ምን ይዘው መጡ?»

አፌን ከፈትሁ። «በያዝሁት ጽዋ እናንተ ድገሱበት፣ እኔ ለሰው የምታይ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ጋቢዬን ይበልጥ ሰበሰብሁት።

«መንገዴ ነው» አልኋት።

«በጋቢ ውስጥ ምን ደብቀው ነው?»

«ብርድ» አልሁና ተመለስሁ።

ጽዋውን ቦታው አስቀመጥሁት። ከፈለጉ ያዙሩት። ከፈለጉ ይጥረጉት። ከቤቴ ግን ሳይጠጣ አይወጣም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ስመኝ በጠዋት መጣች። ፊቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በእኔ ክሬም ነው?» አለች። «ከፊሉ» አልኋት። ልታለቅስ አለች። ሥራ አለብን ብዬ አስቆምኋት።

ቀኑን ሁሉ እሷና ብርቄ ጓዳ ናቸው። ድፎው ተጋገረ፣ ጠላው ተጠለለ። እኔ ወንበርና አግዳሚ ከጎረቤት ስሰበስብ ዋልሁ።

ወደ ማታ፣ ቅዳሜ ነውና፣ የቅቤውን ዕቃ አወረድሁ። ከደጃፉ ተቀምጬ አናቴ ላይ ጠብ ሳደርግ ስመኝ መጣችና ቆመች።

«አብየ፣ ሻሹስ?»

«የምን ሻሽ?»

«እናቴ ቅቤ ስታደርግልዎ ግንባርዎ ላይ የምታስረው ነዋ።»

እንዴት እንደነበር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናኑ ቅቤውን አናቴ ላይ አድርጋ ስትጨርስ ሻሽ በአራት አጥፋ ከቅንድቤ በላይ ታስረኛለች። ከኋላ ቋጥራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ሁልጊዜ እንጣላለን። «ሴት አደረግሽኝ!» እላለሁ። እሷ በአገውኛ ታጉረመርማለች፣ ስትቆጣ አገውኛዋ ነበር የሚቀድማት። ከዚያ በአማርኛ «ትራሴን በቅቤ ታበላሽብኛለህ፣ ለአንተ ብዬ አይደለም!» ትላለች። ለትራስ ከሆነ ይሁን እያልሁ ዝም እላለሁ። እሷ ካለፈች በኋላ ያን ሻሽ አላሰብሁትም። ማን ስለ ትራስ ይጨነቃል?

«ትራሱ እንዳይበላሽ ነበር» አልኋት።

ስመኝ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «አይደለም፣ አብየ። ልጅ ሆኜ ጠይቄያታለሁ። ቅቤው ቀልጦ ግንባሩ ላይ ከወረደ ያ ቆዳው ይፈላበታል፣ በተጋባን ሰሞን ፊቱ እንዲያ ሆኖ ነበር አለችኝ። ለፊትህ ነው ስለው ወንድ ነኝ ብሎ ይፈታዋል፣ ለትራሴ ነው ስለው ግን ዝም ይላል አለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።»

እጄ ላይ ያለው ቅቤ በጣቶቼ መካከል ወረደ። አየሁት። ግንባሬን ዳሰስሁ፣ ረጥቧል። ከሙት ዓመቷ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲህ ሲወርድ ኖሯል። እኔም በላዩ ላይ ባርኔጣ ደፍቼ እውል ነበር።

መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ፊትዎን ምን ይቀባሉ ነው ያለችኝ። ራስዎንስ አላለችም። ባርኔጣዎን ያውልቁ ማለቷን ግን አልክድም።

ስመኝ ውኃ አሙቃ በለስላሳው ሳሙና ራሴን አጠበችልኝ። ጎንበስ አልሁላት። አላለቀስሁም። እሷ አለቀሰች። ያን ሁሉ ዓመት ለትራስ መስሎኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 21

አወጣሁት።

ባርኔጣዬን ገና በር ላይ ሰቀልሁት። ግንባሬ ወጣ፣ ያየም አየ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ድፎውን ቆረሱ። ጽዋውን ባርከው ቀመሱና ለእኔ ሰጡኝ። ጠጣሁ። በቀኜ የተቀመጠው አላምረው ነው። በሁለት እጄ አቀበልሁት።

ተቀበለ። አዞረው።

ልተወው ነበር። አልቻልሁም።

«አላምረው፣ ጠርዙ ምን ሆነብህ?»

«የቱ ጠርዝ?»

«የእኔ ጠርዝ። ባለፈውም አዞርኸው።»

አየኝ። ቄሱም አዩን። አላምረው ጽዋውን ዝቅ አድርጎ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተው። በጣቱ ጉንጩን ስቦ «ናማ ግባ! እይ!» አለ። በቀኝ በኩል ጥርስ የሚባል የለም። አንዲት ጥቁር ጉቶ ብቻ ቆማለች።

«ቀዝቃዛ ጠላ ሲነካት ነፍሴን ታወጣታለች። ዋንጫውን ወደ ግራዬ ዞር ካላደረግሁት አልጠጣም። ከፋሲካ ወዲህ ከማንም በኋላ ስጠጣ እንዲህ ነኝ። አንተ ግን ሰው ሁሉ የአንተን ግንባር የሚያይ ይመስልሃል!»

«ታዲያ ጽዋውን ላውጣልህ ያልኸኝ?»

«ሚስትህ ሞታብህ ብቻህን ድገስ ልበልህ? በግንባርህ አመካኘሁልህ እንጂ። አሁንማ ይኼን ሁሉ ብጉር አብቅለህ ተቀመጥህ! አባቶች፣ ጎረምሳ ሆኗልና እንዳረው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርቄ ከጓዳ ሆና «ከፈረሱ ጋር ነው የሚዳረው!» አለች። የመናኸሪያው ወሬ ለካ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል።

በሁለተኛው ዙር ጽዋው ለአላምረው ከቄሱ እጅ ደረሰው። ዓይኔን አልነቀልሁም። አዞረው። እውነቱን ይሁን፣ እኔ እያየሁት ስለነበር ይሁን፣ አላውቅም። ጥርሱ እንደሌለ ግን አይቻለሁ።

ማንም በነጠላው አልጠረገም። ጽዋው ጠጥተውበት ወጣ። ቀጣዩ ተረኛ በነጭ ጨርቁ ጠቅልሎ ተረከበኝ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ስመኝ ሄደች። መናኸሪያ ሸኘኋት። ያ ረዳት «አባባ፣ ሙሽራዋ እንዴት ነች?» አለኝ።

«ፊቷን አሟታል» አልሁት።

ቤቱ ባዶ ነው። ከጠላው ትንሽ ተርፏል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

ፊቴ ከበረደ ወዲህ ቱቦዋን ማታ ማታ የምስር ፍሬ ታህል አደርጋለሁ። ሌላ አልደረብሁም። አዲስ አልወጣም። አንዳንዱ ደርቆ ጠቁሯል። በጆሮ ግንዴ በኩል ያለው እንዳለ ነው። ልጅቷ ሳምንታት ብላለች፣ እናያለን። ሄጄ የቅቤውን ነገር ነግሬያታለሁ፣ ባርኔጣዬንም አውልቄ አሳየኋት። «ቅቤውን ቢተዉት ነው የሚሻለው» አለች። አሰብሁበት። ለራስ ምታቴ ጥቂት ብቻ፣ አናቴ ላይ። ከዚህ በላይ አልሸነፍም።

መስታወቱን መለስሁት።

የእናኑን ሻሽ ከሳጥኑ አወጣሁ። በአራት አጠፍሁት። ከቅንድቤ በላይ አድርጌ ከኋላ ቋጠርሁ። ወደቀ። ደግሜ ቋጠርሁ፣ ጠበቀና አመመኝ። ፈረስ ስጠምድ የኖርሁ ሰው አንድ ሻሽ ማሰር አቃተኝ። ጫፉን ወደ ውስጥ እንዴት እንደምትወሽቀው አላየሁም ነበር፣ ከኋላዬ ነበረች።

ብርቄ በአጥር ላይ አየችኝ። «ውይ አያ ደሴ! ምን ሆነው ነው እንደ ሴት ያሰሩት?»

«ትራሴ እንዳይበላሽ ነው» አልኋት።

ካልሁት በኋላ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ወረረኝ። የደነዘዘ እግር ሲለቅ እንደሚወርረው ያለ። ይኼው እስካሁን አልተወኝም። ቋጠሮው እንደገና ላልቷል። ልነሣና ላጥብቀው።